ማን ጠቆመብኝ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልድገመው። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የበርና የመስኮት ብየዳም የቤት ዕቃም የሚሠራ ወርክሾፕ አለህ፣ 11 ሠራተኞች አሉህ። ባለፈው ሳምንት ከሠራተኛ ጉዳይ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ሳይደውሉ ገቡ። ሠራተኞችህን ለብቻ አነጋገሩ፣ ፎቶ አነሱ፣ የሚስተካከለውን ጽፈው 30 ቀን ሰጡህና ሄዱ። «ጓንትና ጫማ ገዝቻለሁ፣ በየቀኑ ወተት አጠጣለሁ፣ ሌላ ምን ቀረ? ሲመለሱ የሚያዩት ምንድን ነው? ከልጆቹ አንዱ እንደጠቆመብኝ እርግጠኛ ነኝ፣ ላሰናብተው እችላለሁ ወይ?» ነው ያልከው።

እንደ ድሬ ልማድ አንተ እያልኩ ልቀጥል። ብዙ ዓመት የሠራሁት በሙያ ደህንነትና ጤንነት ላይ ነው፣ የአንተን ዓይነት ወርክሾፕም በደንብ አውቀዋለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ በንዴት ላይ ስላለህ ነገ ጠዋት ልታደርገው የምትችለው እሱን ነው። አታሰናብተው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይላል። ክስ ከመሠረተ ወደ ሥራው ሊመልሱት ይችላሉ፤ ካልተመለሰም ሌላው ክፍያ ሳይቆጠር የ180 ቀን ደሞዝ ካሳ ይጠብቅሃል። ደግሞስ ማንን ነው የምታሰናብተው? ተቆጣጣሪ ማን እንደጠቆመ መናገር አይችልም። እሱ ብቻ አይደለም፣ የመጣው በጥቆማ መሆኑን ለአሠሪው ፍንጭ መስጠት ራሱ ተከልክሎበታል። ስለዚህ በጥቆማ ይምጡ በመደበኛ ዕቅዳቸው ይምጡ አታውቅም። ምናልባት ከአጥር ማዶ ጭሱ የሰለቸው ጎረቤት ይሆናል። «እርግጠኛ ነኝ» ያልከው ግምት ነው፣ በግምት ደግሞ የሰው እንጀራ አይዘጋም።

ሳይደውሉ መግባታቸው ያንገበገበህ ይመስላል። መብታቸው ነው። በሥራ ሰዓት በማንኛውም ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መግባት፣ ሰው ለብቻ መጠየቅ፣ ሰነድ ማየትና ቅጂ መውሰድ፣ ናሙና መውሰድ፣ መለካት፣ ፎቶ ማንሳት ሁሉ በሕጉ የተሰጣቸው ሥልጣን ነው። ያንተ መብት ደግሞ መታወቂያቸውን ማየት፣ ስማቸውንና የመጡበትን ቀን መመዝገብ፣ ትእዛዙን በጽሑፍ መቀበል ነው። የንግድ ምስጢርህን አውጥተው ማውራትም አይችሉም። «የሻይ» የሚል ነገር ከተነሳ መልስህ አንድ ነው፦ «ያያችሁትን ጻፉልኝ»። ብትከፍል የከፈልክበት ጉድለት ቦታው ላይ እንዳለ ይቆያል፣ መጋዙም ጉቦ መክፈልህን አያውቅም። ከጤና ቁጥጥር፣ ከአካባቢ ጥበቃ፣ ከእሳትና ድንገተኛ የሚመጡት ሌሎች ናቸው፣ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። እዚህ የማወራው ስለ ሠራተኛ ጉዳዮቹ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጓንት፣ ጫማ፣ ወተት። ሦስቱንም በቅን ልብ እንዳደረግከው ይገባኛል፣ ገንዘብም አውጥተህበታል። ግን ሥራውን የጀመርከው ከጫፉ ነው። ጥሩ ተቆጣጣሪ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ማሽኑን፣ ቦታውንና አየሩን ነው። ከዚያ የአሠራር ሥርዓቱን ያያል። ሰውየው የለበሰውን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። አዋጁም አንቀጽ 92 ላይ የሥራ ቦታው ራሱ አደጋ እንዳይሆን የማድረጉን ግዴታ የጣለው አንተ ላይ ነው። አደጋውን ክፍት ትተህ ሰውየውን ብታለብሰው አደጋው እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል።

ወተቱን ልጨርስ። የቀለም፣ የብየዳና የሲሚንቶ ሠራተኛ ወተት ጠጥቶ «ያጥበዋል» ማለት በአገራችን የተለመደ ነው። አያጥበውም። ወተት የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው፣ ጭሱና ብናኙ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ወተት ምግብ ነውና መስጠቱን አትተው፣ ልጆቹም ይወዱታል። ከመከላከያ ግን አትቁጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የብየዳን ጭስም የእንጨትን ብናኝም በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ካረጋገጣቸው ነገሮች ጎራ መድቧቸዋል። የኤምዲኤፍ (የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ብናኝ ሲሆን ደግሞ ሙጫው ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል።

ስለ ብየዳ ጭስ አንድ ነገር ላብራራ፣ ድሬ ውስጥ በጣም ስለሚያሳስት። ልጁ ቀኑን ሙሉ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ) ላሜራ ወይም ቱቦ ሲበይድ ይውላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቆረጣጥመዋል፣ አፉን ብረት ብረት ይለዋል። ወባም ደንጊም ቺኩንጉንያም የምናውቅ ከተማ ነንና ወዲያው ክሊኒክ ይሄዳል፣ ደም ይሰጣል፣ ምንም አይገኝበትም። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሻለዋል፣ ተመልሶ ይበይዳል። ይህ ላሜራው ላይ የተቀባው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ የሚያመጣው ትኩሳት ነው። የሚጀምረው ከሥራው ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ስለሆነ ሰው ከብየዳው ጋር አያያይዘውም። ሰኞ ሰኞ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ በእረፍቱ ቀን ሰውነቱ ልማዱን ይለቃል፣ ሥራ ሲጀምር እንደ አዲስ ይመታዋል። ከልጆችህ መሀል «እኔን ወባ አይለቀኝም» የሚል በያጅ ካለ በየትኛው ቀን ምን ብረት እንደበየደ ጠይቀው። ምርመራውን ግን አያስቀር፣ ወባ እዚህ አገር በግምት የሚተው በሽታ አይደለም።

መፍትሔው ከሚበየድበት ቦታ ላይ ዚንኩን በግራይንደር ፍቆ ማንሳት ነው፤ ሲፍቅ የሚወጣውም ብናኝ ስለሆነ አፉን በደንብ ይሸፍን። ቀጥሎ ጭሱ ወደ ፊቱ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ነፋስ ከጀርባው ሳይሆን ከጎኑ ይምጣ። ከጀርባ ሲመጣ ጭሱ ፊቱ ላይ ይሽከረከራል። ከቻልክ ጭሱን ከምንጩ አጠገብ የሚስብ ማራገቢያ ከነቱቦው ወደ ውጭ አውጣ። የጨርቅ ወይም የሕክምና ማስክ ለዚህ ጭስ ምንም አይፈይድም፤ ለእንጨት ብናኝ ቢያንስ ኤን95 የሚባለው ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ያስፈልጋል።

ከብየዳ ሳልወጣ ስለ ዓይን ልጨምር። የብየዳው ብርሃን ዓይኑን አቃጥሎት ማታ ማታ ድንች ቆርጦ የሚለጥፍበት በያጅ ካለህ መነጽሩ አይሠራም ወይም አይለብሰውም ማለት ነው። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን አጠገቡ የሚሠራው ሰው ነው፣ በተለይ መንገድ ዳር ስትበይዱ የሚያልፈው ሕፃን። ሳቢያን ውስጥ ግማሹ ብየዳ በረንዳ ላይ ነው የሚሠራው። ልጆች ቆመው ብልጭታውን ያያሉ፣ ማንም አያባርራቸውም። በጥቁር ሸራ ወይም በላሜራ መከለያ ሥራ። ራስህ ብረት ሠሪ ነህ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጓንቱ። ለበያጅ የቆዳ ጓንት ግዴታ ነው። መጋዝና ድሪል ላይ ግን ጓንት ይወልቅ! ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚሽከረከር ነገር የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጁን ይዞት ነው የሚገባው። ባዶ እጅ ሊቆረጥ ይችላል፣ ጓንት ያደረገ እጅ ደግሞ ተጎትቶ ይገባል። ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ልብስና የተንጠለጠለ ክርም እንዲሁ።

የእንጨት መጋዙን እኔ ብሆን ነገ ጠዋት አላስነሳውም ነበር፣ ቢያንስ የላይኛው መሸፈኛው እስኪገጠምለት። ፎቶ አያይዘሃልና አየሁት፤ መሸፈኛው ወልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁሌ የሚባለውን አውቃለሁ፣ «ሥራ ያጓትታል» ነው። ከመጋዙ ኋላ ደግሞ የተቆረጠው እንጨት ተመልሶ ምላጩን እንዳይጨብጥ የሚይዝ ቀጭን ብረት መኖር አለበት፣ እሱም የለም። እሱ ከሌለ እንጨቱ ምላጩን ይነክስና ወደ ሠራተኛው ሆድና ደረት ይወረወራል። በዚያ ቅጽበት የሚገፋው እጁ ወደ ምላጩ ይስታል፣ ጣት የሚቆረጠውም በአብዛኛው እንዲህ ነው። አጭር እንጨት በእጅ አይገፋም፣ መግፊያ ዱላ ይሠራለት። ማጥፊያው ቀይ ቁልፍ ደግሞ ሰውየው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ በጉልበቱም ቢሆን የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ያንተ ማብሪያ ከማሽኑ ጀርባ ሶኬቱ ላይ ነው። ሰውየው እጁ ከተያዘ እዚያ አይደርስም።

ግራይንደሩን አየው። ትልቁ ባለ 230 ሚሊሜትር ዲስክ ላዩ ላይ በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ተጽፎበታል፣ ከዚያ በላይ አይሽከረከርም ማለት ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሽከረከራል። ያለቀውን ትልቅ ዲስክ «ገና ይሠራል» ብለው ትንሹ ላይ ሲገጥሙት፣ እንዲገባላቸውም መሸፈኛውን ሲያወልቁት ዲስኩ በየትኛውም ሰከንድ ሊፈነዳ ይችላል። የሚፈነዳውም ፊት ለፊት ነው። ዲስኩ መሀል ያለችውን የብረት ቀለበት አንብብ፣ የሚያበቃበት ጊዜ አላት፣ በተለምዶ ከተመረተ 3 ዓመት ነው። እርጥበት የነካውን ወይም የወደቀውን ጣለው። ግራይንደር ላይ ባለ ጥርስ የእንጨት ምላጭ መግጠምን ደግሞ ዛሬውኑ ከልክል፣ ለምኜሃለሁ።

እሳቱ የእንጨትና የብረት ሥራ በአንድ ጣራ ሥር በመሆኑ ያንተ ትልቁ ችግር ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ የሰጡህ ወረቀት ላይም መጀመሪያ የጻፉት እሱን ነው። የብየዳና የግራይንደር ብልጭታ 10 ሜትር ድረስ ይበራል። አንተ ቲነሩንና ቫርኒሹን ያስቀመጥከው ከብየዳ ጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ላይ ነው። የመጋዝ ብናኝ ደግሞ ውስጥ ውስጡን በዝግታ ሲጤስ ቆይቶ እሳቱ ሁሉም ሄዶ ከተዘጋ በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ቲነርና ቀለም ወደ ሌላ ክፍል ይውጣ፣ ክዳኑ ይዘጋ፣ ብናኙ በየቀኑ ይጠረግ፣ ብየዳ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰው አካባቢውን ይይ። የእሳት ማጥፊያው በሩ አጠገብ ይሰቀል። ጓዳ ውስጥ ከካርቶን ጀርባ ያለ ማጥፊያ የለም ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደሮቹን ቆመው በሰንሰለት እሰራቸው፣ ቧንቧቸውን ዘይት ወይም ግሪስ በነካ እጅ አትንካ። ኦክስጅን ከዘይት ጋር ተገናኝቶ የሚያደርገውን ያየ ሰው አይደግመውም።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ፦ አርዝ መስመር ያለው ሶኬት፣ ያልተላጠ ገመድ፣ የሚሠራ ብሬከር። በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስፈትሽና ወረቀቱን አስቀምጥ።

ስለ ሙቀቱ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም፤ እኔ ግን ልናገር፣ ድሬ ነንና። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ብየዳ አጠገብ፣ ወፍራም ቱታና የቆዳ ጓንት ለብሶ የሚሠራ ሰው ከባድ ጭነት ተሸክሟል። ከባዱን ሥራ ለጠዋት አድርገው፤ ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ያርፋል፣ እነሱም ይረፉ። ቀዝቃዛ ውሃ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ይኑር። «ሲጠማቸው ይጠጣሉ» አትበል፣ ምክንያቱም ሌላ ነገር አለ፤ ጫት። ይህን በይፋ የሚያወራ የለም፣ ሁሉም ያውቃል። የመረቀነ ሰው ድካሙም ጥማቱም አይሰማውም፣ ልቡ ይመታል፣ ሰውነቱ ይሞቃል። ከሰዓት በኋላ በምርቃና መጋዝ ላይ የቆመ ሰው ራሱን ጠንካራ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ጥንቃቄው ግን ቀንሷል። ስድብና ስብከት አይሠራም። ደንብ ሥራ፦ ጫት ይዞ መጋዝና ግራይንደር አይነካም፣ ከምርቃና በኋላ የሚሠራው ሥራ ማሸግና ማጽዳት ነው። ራስህም አክብረው፣ አንተ እየቃምክ እነሱን ብትከለክል አይሰሙህም።

ስለ ሰነዱ። የአደጋ መዝገብ ያዝ። ትንሽ ቁርጥም ሆነ ዓይን ውስጥ የገባ ብናኝ ይጻፍ፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትንም ለሠራተኛ ጉዳይ የማሳወቅ ግዴታ አለብህ። ምንም ያልተጻፈበት መዝገብ ሲያዩ ተቆጣጣሪዎች አይደሰቱም፣ ይጠረጥራሉ። ከልጆቹ አንዱን የደህንነት ኃላፊ አድርገህ መድብ፣ ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው፤ አለቃ የማያየውን ረዳቱ ያያል። ለእያንዳንዱ ማሽን ሥልጠና ስትሰጥ አስፈርም። ፊርማ ብቻ ሰብስበህ ሥልጠናውን ካልሰጠህ ግን ተቆጣጣሪው አንዱን ልጅ «ይህን ማሽን እንዴት ነው የምታጠፋው?» ብሎ ሲጠይቀው ሁሉም ይገለጣል። እንደዚያ ነው የሚጠይቁት።

ፎቶው ላይ አንድ ልጅ አየሁ፣ ዕድሜውን አላወቅኩም። ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ጨርሶ መቀጠር የለበትም። ከ15 እስከ 18 ከሆነ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ የሌሊት ሥራ አይሠራም፣ መጋዝና ግራይንደር አጠገብ አይደርስም። የእህትህ ልጅ ቢሆንም ያው ነው።

«ይህ ሁሉ ወጪ» እንደምትል አውቃለሁ። ሌላውን ወጪ ልንገርህ። ሠራተኛ በሥራ ላይ ከተጎዳ ጥፋቱ ያንተ ባይሆንም ኃላፊው አንተ ነህ፤ ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ ወይም በግልጽ የተነገረውን ጥሶ ወይም ሰክሮ ካልሆነ በቀር። ሕክምናውን ትከፍላለህ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደሞዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በሚቀጥሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ትከፍላለህ። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው፣ ኢንሹራንስም ከሌለህ የ5 ዓመት ደሞዙ ነው። የመጋዝ መሸፈኛ ስንት ነው የሚያወጣው? ደግሞ ልጁ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው፣ የተቆረጠ ጣት አይበቅልም።

30 ቀኑን እንዲህ ተጠቀምበት። በዚህ ሳምንት መጋዙን፣ ግራይንደሩንና ቲነሩን ጨርስ፣ እነዚህ ሰው የሚገድሉ ናቸው፣ ብዙ ገንዘብም አይፈልጉም። ማራገቢያውና ኤሌክትሪኩ ጊዜ ይወስዳሉ። 30 ቀን እንደማይበቃህ ካወቅክ እስከ ሠላሳኛው ቀን ዝም ብለህ አትጠብቅ፤ የሠራኸውን በፎቶ፣ የቀረውን በደረሰኝ ወይም በውል አስደግፈህ ተጨማሪ ጊዜ በደብዳቤ ጠይቅ፣ ቅጂው ላይ ማህተም አስመታ። ከወረቀቱ ውስጥ ትክክል አይደለም የምትለው ካለ ይግባኝ ማለት ትችላለህ፣ ጊዜው ግን 5 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ነው የመጡት ብለሃልና ቀኑን አሁኑኑ ቁጠር። አፋጣኝ አደጋ ነው ተብሎ የቆመ ማሽን ካለ ደግሞ ይግባኝ ብትልም ውሳኔ እስኪሰጥ እንደቆመ ይቆያል።

ወረቀቱ ተራ ቁጥር 6 ላይ የጻፉት በፎቶው አይነበብም። አጥርተህ አንሳውና ላክልኝ፣ ማየቴ አይቀርም።